ስድስተኛው ትምህርት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአልጋ ቁራኞችን ስታገላብጥ የኖረችው ነርስ አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ቢሮ ተጠራች። በሽተኛን ቤት ውስጥ ስለማስታመም የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ ሊዘጋጅ ነው፤ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ ተባለች። አለቃው "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲላት ወደ መስኮቱ እያየ ነበር።

በዚያው ሳምንት ክፍላቸው እንደገና ሊዋቀር ነው የሚል ወሬ በኮሪደሩ ተናፈሰ። ነርሷ ሁለቱን ነገር ደመረች። ለጡረታ አራት ዓመት ይቀራታል። የምታውቀውን ጨልፈው ቪዲዮ ውስጥ ከከተቱት በኋላ እሷን ምን ይሠሩባታል?

አልተናደደችም፣ አላለቀሰችም። ደነዘዘች ማለት ይቀላል። ምሳዋን ትበላለች፤ ምን እንደበላች ብትጠየቅ ግን አታውቀውም።

አብራት እንድትሠራ የተመደበችው የኮርስ አዘጋጅ ናት። ሥራዋ ባለሙያ የሚያውቀውን ተቀብሎ፣ ቆርጦና አሳጥሮ፣ ማንም እንዲገባው አድርጎ ማሰናዳት ነው። ዕድሜዋ ለነርሷ ልጅ ይሆናል። ነርሷ ስትገባ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

"ይግቡ ሲስተር፣ ይቀመጡ" አለች እዚያው እንደተቀመጠች።

የዛሬ ልጅ፣ አለች ነርሷ በሆዷ።

"መጀመሪያ ተማሪያችንን እንፍጠር" አለች አዘጋጇ። "ለሁሉም ብለን ከሠራነው ለማንም አይሆንም። አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናችን ይዘን ለእሱ ብቻ እንሥራ።"

"እሺ፣ ማነው እሱ?"

"የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሽተኛ አስታምሞ አያውቅም። ደም ካየ ራሱን ያዞረዋል። ደግሞ ግራኝ ነው።"

"ደግሞ ግራኝ!" ነርሷ ሳትወድ ሳቀች። "የሚያግዘው ሰውስ?"

"የለም። ብቻውን ነው።"

አዘጋጇ ይህን ሁሉ በእጇ አልጻፈችውም። ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ታወራለታለች፣ እሱ ይጽፍላታል። ነርሷ ስንፍና ነው አለች። ሌላ ቀን ደግሞ እስክሪብቶዋ ከጠረጴዛው ወደቀ፤ አየችውና ተወችው። ጎንበስ ብላ ያነሳችላት ነርሷ ናት። በዚህ ዕድሜዬ የዚች አሽከር ልሁን?

ሥራው ግን ሄደ። አዘጋጇ የአርባ ደቂቃውን ገለጻ አራት ደቂቃ አደረገችው።

"ሲስተር፣ ብዙ ከመተኛት የሚመጣውን 'የግፊት ቁስል' ቢሉት አይገባውም። ምን ሲያይ ነው መደንገጥ ያለበት?"

"ቆዳው ቀልቶ፣ በጣቱ ሲጫነው ካልነጣ።"

"በቃ፣ እሱን ይበሉት።"

ልክ ነበረች፤ ነርሷን ያበሸቃትም ይኸው ነው። የተቀረጸው ሁሉ ለቀኝ እጅ ነው ተብሎ እንደገና ሲቀረጽ ግን አላስቻላትም። ለአንድ በሌለ ግራኝ ተብሎ!

በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባው ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ የአሮጌ ወንበሮች ማከማቻ ወደነበረ ክፍል ወረደ። በአምስተኛው ሳምንት አዘጋጇ ጭራሽ መምጣት አቆመች፤ በኮምፒውተር እንገናኝ አለች። ካሜራዋን አትከፍትም። ፊት ነሳችኝ አለች ነርሷ፣ የምትፈልገውን ስላገኘች።

የቀረው ስድስተኛው ትምህርት ነበር፤ ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው የሚገላበጥበት።

"ሁለት ሰው ይይዘዋል" አለች ነርሷ።

"ተማሪያችን ብቻውን ነው፣ ሲስተር።"

"መመሪያው ሁለት ሰው ነው የሚለው።"

መመሪያው እውነትም እንዲያ ይላል። ነርሷ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻዋን ስታገላብጥ ኖራለች። አንድ አንሶላ አጥፋ ከበሽተኛው ዳሌ ሥር ታስገባለች፣ ጉልበቷን ከአልጋው ጠርዝ ታስደግፋለች፣ በሽተኛው ትንፋሹን ሲያወጣ አንሶላውን ትስባለች። ወጣቶቹ ነርሶች ሲያቅታቸው ሮጠው የሚጠሯት ለዚህ ነው። ይህችን ከሰጠች እጇ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

"እባክዎ ትንሽ ያስቡበት" አለች አዘጋጇ። ቃላቱ ተጎተቱባት፣ እንደ ሰካራም።

በሥራ ሰዓት ጠጥታለች፣ አለች ነርሷ በሆዷ። "ሁለት ሰው ነው፣ ልጄ። ሌላ የለም" ብላ ዘጋችው።

ኮርሱ እንደዚያው ሆኖ ወጣ።

በሳምንቱ አለቃዋ ጠራት። ነርሷ የስንብት ደብዳቤ ጠብቃ ገባች። የተሰጣት የምደባ ወረቀት ነው። ኮርሱን የሚወስዱ ሰዎች ሲቸገሩ ቤታቸው ሄዳ ትረዳለች፤ እስከ ጡረታዋ።

"አዘጋጇን አመስግኛት" አለ አለቃው። "ያለ ሲስተር ኮርሱ ዋጋ የለውም ብላ አፋጥጣን ነው ምደባሽን ያጸደቅነው። አሁንማ ሥራ ለቃለች።"

ነርሷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማትም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የመጀመሪያው ጥሪ በማግስቱ መጣ። አድራሻና አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ስድስተኛው ትምህርት አቅቶኛል።"

አጥሩ ጥግ የጭነት መኪና ቆሟል። አንድ ሰው በግራ እጁ በሩን ከፈተላት። በሌላው እጁ ስልክ ይዟል፤ ከስልኩ የገዛ ድምፅዋ "ሁለት ሰው ይይዘዋል" ይላል።

"እስከ አምስተኛው ሁሉንም ችዬዋለሁ" አለ ሰውየው። "ስድስተኛው ግን ... እኔ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ ጀርባዋ ላይ ቅላት ወጣባት። ስጫነው አይነጣም።"

ነርሷ ከወንበር ላይ አንሶላ አንስታ እያጠፈች ወደ መኝታ ቤቱ አለፈች።

"ይግ ... ቡ ሲስተር፣ ይቀ ... መጡ" አለች አዘጋጇ፣ እዚያው እንደተኛች።