የደህና ቀን ልኬት

የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ፕሮግራም መሥራቱን በየጠዋቱ የሚፈትሸው ቴስት ቶሎ ቶሎ ይወድቅ ነበር። የአዋሽን ውሃ ከፍታ የሚልከው ሰርቨር ወንዙ ዳር ባለ የመለኪያ ጣቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ፕሮግራመሯ ያኔ ለጣቢያው ጠባቂ ለአቶ ሁመድ ትደውላለች፤ እሳቸውም ሄደው ያበሩታል።

አለቃዋ ሰለቸው። «ቴስቱ ማለፍ አለበት፣ እንዴትም አድርጊው» አላት።

እሷም የአንዱን ደህና ቀን ልኬት ቀድታ ቴስቱ ከዚያ ብቻ እንዲያነብ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም። መደወሉንም ተወችው።

ከሁለት ወር በኋላ አቶ ሁመድ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ምነው መደወል ተውሽ? ማሽኑ መጥፋቱን የማውቀው እኮ አንቺ ስትነግሪኝ ነበር። ዝም ስትዪ ጊዜ ሰላም ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

«አሁን ያብሩልኝ፣ አባባ።»

«አሁንማ ጣራ ላይ ነኝ።»