ንጹሕ ውኃ ብቻ የያዘችው ብልቃጥ

ንጹሕ ውኃ ፈንገስ ያበቅላል? እስቲ እናንተው ፍረዱ!

ተመራማሪዋ ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ከሚያድገው ላይከን ውስጥ አዲስ የፈንገስ ዝርያ አገኘች። የምርመራ ደንቡ ስለሚያስገድድ ለማነጻጸሪያ ምንም ያልተጨመረበት ውኃም በአንዲት ብልቃጥ አብራ መረመረች። ከውኃውም ያው ፈንገስ ወጣ።

«ውኃውም ላይከን ሆነልሽ? እጅሽን በሳሙና ታጠቢ እንጂ፣ ልጄ!» አሉ አለቃዋ ፕሮፌሰሩ፣ ብልቃጧ ላይ አጎንብሰው እየሳቁ።

ታጠበች፤ ውኃውንም ለወጠች። ፈንገሱ አልጠፋም። ውኃው ባዶ የሆነው እሷና ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ሸፍነው የሠሩ ዕለት ብቻ ነው። ከአፋቸው እየወጣ ይሆን? የገዛ ምላሷን በጥጥ ጠርጋ መረመረች፤ ፈንገሱ እዚያም አለ። ፕሮፌሰሩ ከጠጡበት ብርጭቆም ያው ወጣ። በማግስቱ ሕፃን ልጇን ሳትስም ከቤት ወጣች።

ዝርያው በይፋ በሚታወጅበት አዳራሽ ፕሮፌሰሩ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ይህ ፈንገስ ከላይከን ውጭ ለአፍታ እንኳ አይኖርም፤ ራሴ አረጋግጫለሁ!» ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። እሷ ከኋላ ተነሣች።

«እንግዲያው ፕሮፌሰር፣ እዚሁ ሰው ፊት ይመልሱልኝ፤ በእርስዎና በእኔ ውስጥ የበቀለው ምንድን ነው?»