የበቆልቱ ሌባ

ጡረታ የወጡት መምህርት ልጃቸው ቤት ጠቅልለው ሲገቡ፣ ገና ከበሩ ላይ «እኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ሥራ ስጡኝ» ብለው ነበር። ማን ሰጥቷቸው! ዕቃ ሊያጥቡ ሲነሱ ልጃቸው «እማዬ፣ ተይ» ትላለች። መጥረጊያ ሲይዙ አማቻቸው ፀጉር አስተካካዩ ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ ይጠርጋል። ሴትዮዋ ሶፋው ላይ እንደ ትራስ ተቀምጠው ቀሩ። ሻንጣቸውንም ሳይፈቱ አቆዩት።

ልጅቱ ደም አንሷት ሐኪም «አመጋገብሽን አስተካክዪ» ያላት ሰሞን ነው የበቆልቱ ነገር የተጀመረው።

«ምስር ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይበላል። ከዚህ የሚቀል ምን አለ?» አሉ መምህርቷ። ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች ለቅመው መስኮቱ ሥር ደረደሩ። አፋቸውንም በስስ ጨርቅ አሰሩ።

«አንዴ ከተነከረ በኋላ ውሃው ይጠንፈፍ ይላሉ፤ ጠዋት ማታ እየታጠበ» አለች ልጃቸው።

«ማነው የሚለው? ዘር ውሃ ይወዳል! ዘንድሮ ደግሞ ዘሩንም በጥም ልትገድሉት ነው?» ብለው ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሞሉት። ከእሳቸው ጋር መከራከር ከጥቁር ሰሌዳ ጋር መከራከር ነው።

ደግሞም በቀለ። ነጭ ጭራ ያወጣ፣ ጥርስ ሲያገኘው ቀጭ ቀጭ የሚል በቆልት! ጠዋት እንቁላል ውስጥ ገባ፤ ምሳ ላይ በሎሚና በቀይ ሽንኩርት ታሸ፤ ማታ ነጭ ሽንኩርት በተቆላበት ዘይት ለብ ለብ ተደረገ፤ ሲተርፍም ሾርባ ላይ ተነሰነሰ። የልጅቱ ፊት ወዛ። ጎረቤት ሳይቀር «እንዴት ነው የሚደረገው?» እያለ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የመምህርቷ ልብ ቅቤ ጠጣ።

የሚያላግጠው አማች ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ማሳችን ምን አፈራ? እኔ እኮ ሰሞኑን ደንበኛ ሲገባ እንደ ፍየል ልጮህበት እየቃጣኝ ነው» ይላል። ይህን እያለም ሳህኑን ጥርግ ያደርጋል።

ዕድሜ ልኩን ሕፃናት ያስተማረ ሰው፣ ማስቲካ የደበቀውን ልጅ ከጉንጩ ያውቀዋል። አንድ ጠዋት መምህርቷ ጠርሙሶቹን ቢያዩ፣ ማታ ሞልተው የተዉት ውሃ ጠብታ የለም። በቆልቱም ጎድሏል። ሌላ ቀን ደግሞ ቡናማ ምስር ነክረው አረንጓዴ በቀለላቸው። «ዓይኔ ነው» አሉ በመጀመሪያ። ነገሩ ሲደጋገም ግን ዓይናቸውን ምረው አማቻቸውን ጠረጠሩ።

«ሰውየሽ በቆልቴን ይሰርቃል» አሏት ልጃቸውን።

«እማዬ ደግሞ! ምን ሊያደርግለት?»

«እሱን ጠይቂው። አፉ የሚያላግጥ ሰው ሆዱ ሌላ ነው። ውሃውን እንኳ አይተውልኝም እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ የተኙ መስለው አደፈጡ። አንድ ቀን ልጅቱ ወደ ሥራ እንደወጣች፣ ፀጉር አስተካካዩ በእግሩ ጣት እየተራመደ ኩሽና ገባ። መምህርቷም ኮቴያቸውን አጥፍተው ተከተሉት። አንደኛው ጠርሙስ ባዶውን ተከፍቷል። ጨርቁ ትከሻው ላይ ነው። የሥራ ቦርሳው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቷል። በእጁ ደግሞ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ጥቁር ፌስታል!

እጅ ከፍንጅ።

«የት ልትወስደው ነው?»

ሰውየው ክው አለ። ፌስታሉን ከጀርባው ሸሸገ።

«ደግሞ ምንድነው የሚሸተው?»

«ፌስታሉ ነው እማማ። ዓሣ ተገዝቶበት ነበር።»

«እኔ እኮ ለልጄ ጤና ብዬ ነው የማበቅለው! በዚህ ቤት ያለችኝ ሥራ ይቺው ናት፤ እሷንም... ካልፈለጋችሁኝ ንገሩኝ፤ ሻንጣዬ እንደሆነ አልተፈታም።» ሊቆጡ ነበር የጀመሩት፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ከዳቸው።

አማች ባዶውን ጠርሙስ አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ሰርቄአለሁ። ሱቅ እየወሰድኩ እበላዋለሁ። ስላግጥ ከርሜ ‹ጣፈጠኝ፣ ጨምሩልኝ› ማለቱ አሳፍሮኝ ነው።»

የመምህርቷ ንዴት እንደ ሳሙና አረፋ ጠፋ። ሌባ መያዝ ደስ ይላል፤ የእጅ ሥራን ወድዶ የሰረቀ ሌባ መያዝ ግን ሌላ ነው።

«አይ ሞኝ! ብትነግረኝ ላንተስ አልነክርም ነበር?» አሉና ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ፌስታሉን ግን ከጀርባው አላወጣውም።

የዚያኑ ዕለት ሻንጣቸውን ፈቱ። ልብሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀሉ፤ መነጽራቸውን ኮመዲኖው ላይ አኖሩ። ከዚያ ዳቦ ሰነጠቁና ከቀረው ጠርሙስ በቆልት ዘግነው፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ጠቀጠቁበት። በምሳ ዕቃ ይዘውም ወደ ፀጉር ቤቱ አቀኑ። ሌባቸውን በሕጋዊ መንገድ ሊያበሉት ነው። መንገዱን ሁሉ ለብቻቸው ፈገግ እያሉ ሄዱ።

የፀጉር ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ፊቱን አረፋ የለበሰ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ይጠብቃል። አማች ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መታጠቢያው ላይ አጎንብሷል።

«ኧረ ወንድሜ፣ አረፋው ፊቴ ላይ ደረቀ!» አለ ደንበኛው።

«አንዴ ታገሠኝ፣ ይሄን ምስር ላጠንፍፈውና መጣሁ፤ የአማቴ ዛሬም ሸቶ ነው የደፋሁት፤ እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳ በቅሎላቸው አያውቅም።»