ጨው አልባ ወጥ

«እኔ ምላስሽ እያለሁልሽ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልሻል?» ይላት ነበር ባሏ። ሜልቦርን ከገቡ ጀምሮ ባንክም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም በእሷ ፈንታ የሚናገረውም የሚሰማውም እሱ ነው። ጉልበቷን አሟት ሐኪም ዘንድ የሄዱ ቀንም፣ ሐኪሙ ብዙ አውርቶ ሲያበቃ ባሏ በአጭሩ፣ «ጨው የሚባል በአፍሽ እንዳይዞር ነው የሚለው» አላት። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ወጧን ያለ ጨው ስትውጥ ኖረች።

ዘንድሮ ግን እምቢ አለች። እሱ ለሥራ እስኪወጣ እየጠበቀች፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለስደተኞች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት ጀመረች።

«ባልሽ ቢያውቅስ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ይወቃ! በገዛ አፌ ልናገር ብዬ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?»

ዛሬ የጀማሪዎቹ አስተማሪ ስለታመመች የእነሱና የእሷ ክፍል አንድ ላይ ተቀላቀለ። የዕለቱ ንባብ «ሐኪም ቤት» የሚል ነው። መምህርቷ አንድ ጀማሪ ይዛ ወደ እሷ መጣች።

«አንቺ በርትተሻል፤ እስቲ ከእሱ ጋር አንብቢ።»

ቀና ብላ አየችው። ባሏ ነው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ባለሥዕሉን የጀማሪ መጽሐፍ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

 ወንበር ሳበችለትና ተቀመጠ።

«ለመሆኑ ያ ሐኪም ስለ ጨው ያነሳው ነገር አለ?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ አንገቱን እንደደፋ።

መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችለት።

«በል አንብብ። ማታ ስትገባ ደግሞ ጨው ይዘህ ና።»