አሮጌውን ብላኝ ነበር

«አሁንም ሃርድ ዲስኩን አያየውም» ትላለች ልጄ ጠይባ። ሲዲውን ታወጣለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ታብሳለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ሲዲው ላይ ያለው ሊኑክስ የሚሉት ነው፤ እሱ ካልተጫነበት ኮምፒውተሩ በድን ነው ትላለች። ማሽኑ ያጓራል፣ ማውሱ በሻካራው ጣውላ ላይ አልሄድ እያለ ያንገላታታል፣ መጨረሻ ላይ ያችኑ አንዲት መስመር አምጥቶ ቀጥ ይላል። ፊደል ባልቆጥርም መስመሯን በመልኳ ለይቻታለሁ።

እኔ በሩ ላይ በርጩማ ስቤ ተቀምጫለሁ። ለጽሕፈት ሥራዋ የተከራየነው ክፍል ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ነው፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ በፊታችን ያልፋል። አንዱ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

«ተከፈተ?»

«ዓይን የለህም? ሲከፈት ጥሩንባ ይነፋልሃል፤ ሂድ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠይባ ትስቅ ነበር።

«እማ፣ ሰዉን አትቆጪ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምኑ ነው ያንቺ?»

«ዲስኩን ጎተራ ነው በይ። ጎተራው በረኛ አለው፤ ኮንትሮለር ይሉታል። ማሽኑ አዲስ ስለሆነ በረኛውም አዲስ ነው። የኔ ሊኑክስ ደግሞ የሚግባባው ከድሮዎቹ በረኞች ጋር ነው። የሚከፍትለት ሲያጣ ጎተራ የለም ብሎ ይመለሳል።» ዓይኗን ታሻለች። «አሮጌውን አምጪልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። እንግዲህ ካለቀ አንቺ ምን ታደርጊ! መታገሥ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

አላለቀም ነበር።

ደሴ ላይ ባለሱቁ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ አሳይቶኛል። አሮጌው ጥጉ የተፋቀ፣ ፊቱ የወየበ ነው። ልጄ ጅዳ የሰው ሽንት ቤት ስትፈትግ ኖራ መጥታ፣ ሰው የጣለውን ልሸከምላት? «ወግድ! የሰው ትራፊ ከቤቴ አይገባም» አልኩት። አዲሱን ከነካርቶኑ እንደ ሕፃን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ስወርድም ሰፈርተኛው ይየው ብዬ ነጠላ እንኳ ጣል አላደረግሁበትም። ለእሷ ግን «አሮጌው አልቋል» አልኳት።

ሊኑክሱን ያስለመዳት የጅዳዋ እመቤቷ ልጅ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ፍላሹን እየሰካ ቫይረስ ቢያራግፍበትም አይታመምም ብላ ሌላውን እምቢ አለች። ገንዘቧ ሁሉ ለዕቃው አልቋል። ይህ ካልሆነ የቀራት ያው የጅዳ መንገድ ነው። ፓስፖርቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ደላላውም መልሷን እየጠበቀ ነው።

«ዛሬ እደውልለታለሁ» ትላለች፣ ሐሳቤን እንደሰማች ሁሉ።

«ለማን?»

«ለደላላው ነዋ። ወላሂ ደከመኝ እማ።»

ባለሱቁ ካርቶኑን በሲባጎ እያሰረ የነገረኝ ቃል አለ። «እናቴ፣ ልጅዎ አሮጌውን ያለችው በምክንያት ይሆናል። ዲስኩን አላይ ካላት እንዲህ ታድርግ» ብሎ ነገረኝ። ያልተማርኩ ልሁን እንጂ የሰማሁት ከጆሮዬ አይወድቅም፤ ከደሴ እስከዚህ እንደ ዱዓ ስደግመው መጥቻለሁ። አሁን ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እሱን ካወጣሁት ግን ውሸቴም ተከትሎ ይወጣል። እስኪ በራሷ ታግኘው እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ አፌን ይዣለሁ። እኔ! ቃል አላሳድርም የምባለው!

ስልኳን ታነሳለች። ቁጥሩን ትነካካለች። ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች።

«አስቀምጪው» እላለሁ።

«እማ፣ ቆይ…»

«አስቀምጪ አልኩሽ! ማሽኑ ሲነሳ ዲሊት የምትባለዋን ቁልፍ እየመታሽ ወደ ሰማያዊው ገጽ ግቢ። ሳታ የሚል ፈልጊ። ያለበት ኤ ኤች ሲ አይ ነው። አይ ዲ ኢ አድርጊው። ያን ጊዜ አዲሱ በረኛ እንደ አሮጌው ሆኖ ይሠራል።»

አፏን ከፍታ ታየኛለች። «ማን ነው ያለሽ?»

«ባለሱቁ።»

«መቼ?»

«አሮጌውን አልፈልግም ስለው።»

ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል የደላላው ድምፅ። ጠይባ ሳታየው ታጠፋዋለች።

ማሽኑን አጥፍታ ታስነሳዋለች። ዲሊትን ትመታለች። ሰማያዊ ነገር ይመጣል። ጣቷ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ይጫናል። ሲዲው ደግሞ መዞር ይጀምራል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ የነጠላዬን ጥለት እመዛለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሞተ ዓይን የነበረችው የማሽኑ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። ደግሞ ብልጭ።

«አየው» ትላለች ጠይባ። የምትለው ለማሽኑ ነው።

«ስደቢኝ፣ ልጄ።»

ዓይኗን ከማሽኑ አትነቅልም። ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር።

ማውሱ እንደገና ጣውላው ላይ ይንቀረፈፋል። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ፓስፖርቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈዋለች፣ ማውሱን ከላዩ ታስቀምጣለች። አሁን ያለ እክል ይንሸራተታል።

ያ ሰውዬ ተመልሶ መጥቷል፤ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

«እናቴ፣ ተከፈተ?»

በርጩማዬን ከበሩ ፈቀቅ አደርጋለሁ። የልጄን ጀርባ አያለሁ።