ስለት የሆነችው ዓሣ

ዩራኒስ በመንደሩ የዓሣ ማሳያ ቤት፣ የለይቶ ማቆያ ክፍሉን በር በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። “አይሆንም አልኩ እኮ፣ አባባ። ዓሣዋ ከባሕር ከወጣች ገና አሥራ አራት ቀኗ ነው። ሠላሳ ሳይሞላት ከዚህ ክፍል አትወጣም።”

የክርስትና አባቷ ዶን አጋፒቶ ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው ፊቷ ቆመዋል። ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ የካርመኗ እመቤታችን ምስል አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ውጭ ርችት ይተኮሳል፣ ጀልባዎቹም ለበዓሉ በወረቀት አበባ ይሸለማሉ። ከቀትር በኋላ ሰልፉ እዚህ ይደርሳል፤ እንደየዓመቱም አንድ ጠላቂ የዓመቱን ምርጥ ዓሣ በሕዝብ ፊት ትልቁ ገንዳ ውስጥ ይለቃል። ዘንድሮ ተራው የዶን አጋፒቶ ነው። ለሳቸው ደግሞ ስለት ነው። ሚስታቸው ዶኛ ኤዲልሳ ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ከወጣች፣ በእጄ የያዝኳትን ‘ንግሥት’ የምትባል ዓሣ ለእመቤታችን እሰጣለሁ ብለው ተስለዋል። ኤዲልሳ ወጥታለች።

ንግሥቲቱ በጠባቡ የለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ፣ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቧንቧ አፍ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ቢጫና ሰማያዊ፣ ግንባሯ ላይ ዘውድ የመሰለ ክብ። በመጣች በሦስተኛው ቀን ጨው የተነሰነሰባት ይመስል ነጭ ነጠብጣብ ወረሳት። በስምንተኛው ቀን አንድም አልቀረ። መንደሩ ተአምር ነው አለ። ቄሱም ሳይቀሩ እንዲሁ አሉ።

“እስቲ እያት!” አሉ ዶን አጋፒቶ። “አንዲት ነጥብ አሳዪኝና ባልዲዬን ይዤ ልሂድ።”

“ነጥቡ ጠፋ ማለት ተባዩ ሞተ ማለት አይደለም። ከቆዳዋ በልቶ ጠገበና ወደቀ፤ ታች ተጣብቆ ቅርፊት ሠራ። እዚያ ውስጥ፣ በአራትም በሃያም ቀን፣ አንዱ መቶ፣ ሁለት መቶ ሆኖ ይፈለፈላል። ውሃው ላይ የምጨምረው የመዳብ መድኃኒት የሚገድለው ወጥቶ ሲዋኝ ያገኘውን ብቻ ነው። ቅርፊቱን አይነካውም። ስንት ጊዜ ልንገርዎት?”

“ሳንታ ማርታ ከተማ ሁለት ዓመት ተማርሽና እመቤታችንን ባዮሎጂ ልታስተምሪ?”

“እመቤታችን ገንዳ አጥባ አታውቅም። የማጥበው እኔ ነኝ።”

“አፍሽን ያዢ!” አሉና አማተቡ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ዩራኒስ አልሳቀችም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዚሁ በዓል፣ ባሕር ውስጥ ያደረች ዓሣ በማግስቱ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ተለቀቀች። ዓሦቹ መጀመሪያ እያሳከካቸው ገላቸውን አለት ላይ ይፈትጉ ጀመር፤ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ዩራኒስ አርባ አራት ሬሳ በጋሪ አወጣች። የዚያን ጊዜ መንደሩ የሰው ዓይን ነው አለ። ዓይን! ሲድን እመቤታችን፣ ሲሞት የሰው ዓይን፤ የሰው እጅ ግን አንድም ቀን ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የሠላሳውን ቀን ደንብ አወጣች፤ ስትለምን፣ ስትሳደብ፣ ጀልባ ለጀልባ ስትዞር ከርማ ስልሳ አንድ ዓሣ ሰበሰበች። የቤቱ ባለቤት የሆነው የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል። ዳግመኛ ካለቁ ገንዳው በአሸዋ ይደፈናል፤ እሷም ትሄዳለች።

“ኤዲልሳ ልታይ ትመጣለች” አሉ ዶን አጋፒቶ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍታ። ምን ልበላት?”

“አሥራ ስድስት ቀን ቀረ ይበሏት። ያን ቀን እኔ ራሴ እጅዎ ላይ አደርጋታለሁ፤ እሷም ከፊት ትቀመጣለች። እመቤታችን አሥራ ስድስት ቀን መታገሥ አያቅታትም። እርስዎ ነዎት ያቃተዎት።”

ሽማግሌው ዓሣዋን አዩ። ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበትና ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹ።

“ግትር! ቁርጥ እናትሽን። ይሁን። ሕዝቡን የምታናግሪው ግን አንቺ ነሽ።”

“አናግራለሁ።”

ትከሻዋ ረገበ። ከበሩ ተላቀቀች። ይህን መንደር ተሟግታ ስትረታ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልትስማቸው ጎንበስ አለች።

“ለነገሩ ባዶ እጄን አይደለሁም” አሉ ጉንጫቸውን እየሰጡ። “ግማሹን አድርሻለሁ።”

“የቱን ግማሽ?”

“ውሃውን ነዋ። እሁድ፣ አንቺ ለምሳ ስትወጪ። ያ ነጭ ነገር ታች ወድቋል ብለሽኝ አልነበር? ሥር ሥሩን በስፖንጅ ጠርጌ፣ አንዲት ጠብታ ሳላስቀር ጠርሙስ ውስጥ ጨመቅኩት። ቄሱ ጸለዩበት፤ ጠበል ሆነ። ከዚያ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አፈሰስኩት። ንግሥቲቱን ያዳናት ለሌሎቹም ይድረስ ብዬ።” ቀና ብለው አዩዋት። “ያኔ ጋሪውን እየገፋሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛ እንዳላይ ብዬ ነው።”

ከውጭ ርችት ፈነዳ። ዩራኒስ በጣቷ ቀን ቆጠረች። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

“ስንት ነበር?”

“አንድ ሙሉ ጠርሙስ። ምነው፣ አነሰ?”

በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩን እየሮጠች አለፈች። ትልቁ ገንዳ ፊት የበዓል ልብስ የለበሱ ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይንጫጫሉ። ከልጆቹ ጀርባ ቆመች። ከስልሳ አንዱ ሁሉ ትልቁ፣ በጀልባ ተጎትቶ የመጣው፣ በር የሚያህለው ግራጫ ዓሣ ከጥግ ወጣ፤ ጎኑን አለቱ ላይ ፈተገ። ዞረ። መልሶ ፈተገ።

“እዩት፣ እየጨፈረ ነው!” አለች አንዷ ልጅ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡለት።