ከግድግዳ ውስጥ የሚያናግር ልጅ

«ሌባ! ዛሬ አበቃልህ!»

ስልኩን ጎረቤቱ አፍንጫ ሥር ደቅኖ እየቀረጸ ነው...

ጎረቤቱ አናጢ ነው። ዕድሜው ከአባቱ እኩል። የሥራ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ ግቢው ውስጥ ቆሟል። መሬት መሬት ያያል።

«ንገራቸዋ! ቤቴ ምን ትሠራለህ? አፍህን ምን ያዘው?»

አናጢው ቦርሳውን ጠበቅ አደረገ።

መንደርተኛው ተሰብስቧል። ፖሊስም ተጠርቶ መጥቷል።

ይሄን የሚጮኸውን ሰው ጓደኞቹ «ሪሞት» ነው የሚሉት። አዲስ ዕቃ ወጣ ከተባለ ሳያየው አያድርም፤ ካየው ደግሞ ሳይገዛው አያድርም!

ከአራት ወር በፊት ከተማውን ጥሎ ገጠር ገባ።

«ለእናቴ ንጹሕ አየር ብዬ ነው» ይላል። ውሸት አይደለም፣ አስም አለባቸው። ግን ለማኅበራዊ ሚዲያ ተከታዮቹ የሚያሳየው አዲስ ቤትም አምሮት ነበር...

በጣት አሻራ የሚከፈት በር። በድምፅ የሚበራ መብራት። ጣሪያው ላይ ሶላር። ከሰማይ የሚቀርጽ ድሮን። ካሜራማ ስድስት!

አንዱ ካሜራ እናቱ የሚውሉበት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ድምፅ ማጉያ አለው። ሪሞት መኝታ ቤቱ ጋደም ብሎ ከስልኩ በዚያ ያናግራቸዋል።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

በመሃላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው!

ታዲያ ሰሞኑን አንድ ነገር አስተዋለ። እሱ ድሮኑን ይዞ ተራራ ሲወጣ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሳሎኑ ካሜራ ይጠፋል። ዐሥር ሰዓት ላይ ይበራል። በየቀኑ! የአጥሩ ካሜራ ደግሞ በዚያው ሰዓት አናጢው ወደ ግቢው ሲገባ ያሳያል።

እናቱን መጠየቅ ትዝ እንኳ አላለውም።

ምን አስጠየቀው? ካሜራ አለ!

«ጎረቤቴ ሌባው» ብሎ ቪዲዮውን ለቀቀው። በሁለት ቀን አርባ ሺህ ሰው አየው። አስተያየቱን ተዉት... ስድብ በስድብ።

አናጢው የትምህርት ቤት በሮች ሊሠራ ተስማምቶ ነበር። «ለጊዜው ይቆየን» አሉት። ከተማ የምትማረው ልጁ ደውላ አለቀሰች። «አባዬ፣ ክፍል ውስጥ የሌባ ልጅ እያሉኝ ነው...»

ያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አናጢው እንደ ልማዱ መጣ።

ሪሞት ግን ያን ቀን ተራራ አልወጣም። አጥሩ ጀርባ አድፍጦ ጠበቀውና ሲገባ ጮኾ መንደሩን ሰበሰበ።

ፖሊሱ ማስታወሻውን አወጣ። «እሺ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ካሜራዬ ይጠፋል!»

«ማለት... ተሰረቀ?»

«አይ፣ ይጠፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይበራል።»

ሰው ሳቀ። የሪሞት ደም ፈላ።

«ምን ያስገለፍጣችኋል? እናንተ እኮ መብራት ያያችሁት ትናንት ነው!»

የአናጢውን ቦርሳ ነጥቆ ገለበጠው። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ምስማር... ዝርግፍ!

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለ ፖሊሱ።

አናጢው ጎንበስ ብሎ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

ያኔ ከጓሮ በኩል ድምፅ መጣ...

«ካሜራውን የምነቅለው እኔ ነኝ!»

እናቱ ናቸው። ግድግዳ ተደግፈው ያለከልካሉ።

«እማዬ፣ ግቢ! አንቺ አያገባሽም።»

«አያገባኝም? ያ የሶላር ባትሪህ ያለቀ ቀን፣ በርህ አልከፈት ሲል፣ ከውስጥ ማን ነበር? ከጠዋት ጀምሮ ታፍኜ በሩን ስደበድብ አንተ ተራራ ላይ ነበርክ። የሰማኝ ይሄ ሰው ነው። መስኮቱን ነቅሎ ያወጣኝ ይሄ ሰው ነው!»

ሪሞት ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«ለምን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እንጂ! ከስልክህ ቀና ሳትል "ሶፍትዌሩን አስተካክለዋለሁ" አልከኝ።»

እናቱ ወደ ጓሮው በር ጠቆሙ።

«ከዚያ ወዲህ በር ሲዘጋ ልቤ ይርዳል። ለጓሮው በር የእንጨት መቀርቀሪያ የሠራልኝ እሱ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ አላየኸውም! በየቀኑ መጥቶ በሩን ይፈትሽልኛል፣ አንድ ሰዓት ያጫውተኛል። ካሜራውን የምነቅለው እንግዳዬ ፊት ከግድግዳ ውስጥ እየጮህክ እንዳታዋርደኝ ነው።»

ወደ አናጢው ዞሩ። «ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ሲልህ ምነው ዝም አልክ?»

«ካሜራውን እንደሚነቅሉ ለማንም እንዳትናገር ብለውኝ ነበራ፣ እትዬ። ልጄ ይቀየመኛል ብለው...»

ሪሞት ስልኩን ነካካ። «አባባ፣ ይቅርታ! ይኸው ቪዲዮውን አጠፋሁት፣ ይዩት!»

አናጢው መጋዙን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ከስልክህ አጠፋኸው። እስቲ ደግሞ ልጄ ክፍል ካሉት ልጆች ጭንቅላት ውስጥ አጥፋው።»

ሪሞት እጁን ዘረጋ። አናጢው አልጨበጠውም። እጁ አየር ላይ እንደተዘረጋ ጥሎት ወጣ።

በማግስቱ እናቱ ሻንጣቸውን ሸክፈው ከተማ እህታቸው ዘንድ ገቡ።

ሪሞት የይቅርታ ቪዲዮ ለቀቀ። ያየው ሦስት መቶ ሰው! ያ ሁሉ ተሳዳቢ የት እንደገባ እንጃ...

ለእናቱ በየቀኑ ይደውላል፤ አያነሱም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን አነሱለት።

«እማዬ! እንዴት ነሽ?»

«ድምፅህን ጠግቤዋለሁ፣ ልጄ። ፊትህን ይዘህ ና።»

ዘጉት።

ወዳጆቼ... ካሜራ ማን እንደገባ ያሳየናል፤ ለምን እንደገባ የሚነግረን ግን ሰው ነው። የሰው ስም ከመለጠፋችን በፊት አጠገባችን ያለውን ሰው እንጠይቅ። የተለጠፈን ነገር አርባ ሺህ ሰው ያየዋል፤ ማስተባበያውን የሚያይልን የለም።

እናንተ አናጢውን ብትሆኑ የሪሞትን እጅ ትጨብጡ ነበር? የምር መልሱልኝ... እኔ እንጃ፣ እጨብጥ ነበር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።